ማዕረግ ለብቻ አይገኝም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የምረቃ ወራት ሲደርስ ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ፀዳ ከሚመጣው መኪና ጋዋናቸውን በክንዳቸው ይዘው የሚወርዱ ልጆችን እናያለን። እናቶች እልል ይላሉ። «በማዕረግ ተመረቀ» ከተባለ ደግሞ እልልታው ይደገማል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አማካይ ነጥቡ 3.25 የደረሰ በማዕረግ፣ 3.50 የደረሰ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 የደረሰ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። እኛ ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው ግን ከእልልታው በፊት ስላለው ነገር ነው። ይኸውም የራሳችንን ጥፋት የሚነካ ነው።

እንደምታስታውሱት በ2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተፈታኝ አራት እንኳ አልሞሉም ማለት ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ የእኛ ወንድም ነበር። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በጉባኤ ፊት አቆምነው፤ ለሕፃናቱም «እንደ እርሱ ሁኑ» አልናቸው፤ «በማዕረግ ተመርቀህ እንጠብቅሃለን» ብለንም ሸኘነው። ከሸኘነው በኋላ ግን «ወንድማችን፣ እንዴት ከርመሃል?» ብሎ የጠየቀው ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ 2.40 ሆነ። ለዕረፍት ሲመጣ ወደ ጉባኤ አልገባም። ከቅዳሴ በኋላ ከዛፍ ሥር ቆሞ አየነው፤ ሰላምታ ሳይሰጠንም ሄደ። በሚቀጥለው ሰንበት ጭራሽ ቀረ። እኛስ ምን አልን? «ዩኒቨርሲቲ ገባና ናቀን» አልን። እርሱ እኛን አፍሮ ሲሸሽ፣ እኛ ትዕቢተኛ ነው ብለን ፈረድንበት። ትምህርቱን ሊተው ቆርጦ እንደ ነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ውድ ወጣቶች፣ እስቲ የነቢዩ ዳንኤልን ታሪክ እናስታውስ። ንጉሡ ናቡከደነፆር ከተማረኩት ልጆች መካከል ብሩሃን የሆኑትን አስመረጠ። ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት እንዲማሩ፣ ቀለባቸውም ከቤተ መንግሥት እንዲሆን አዘዘ። ዳንኤል፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል የንጉሡን ማዕድ ተዉ እንጂ ትምህርቱን አልተዉም። በመጨረሻ በንጉሡ ፊት ሲፈተኑ ከሌሎቹ ዐሥር እጥፍ በልጠው ተገኙ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ የምናስተምረው ስለ ጾማቸውና ስለ ብልጫቸው ነው።

ነገር ግን የሚቀጥለውን ምዕራፍ ልብ እንበል። የንጉሡ ሕልም ካልተገለጠ ጠቢባን ሁሉ ይገደሉ የተባለ ጊዜ፣ ያ ከሁሉ የበለጠው ዳንኤል ምን አደረገ? ወደ ቤቱ ሄዶ ችግሩን ለሦስቱ ጓደኞቹ ነገራቸው፤ አብረውም ለመኑ። ብልጫው ከጓደኞቹ አልለየውም። የጨነቀውን የሚነግርበት ቤት ነበረው። እኛ ለወንድማችን እንዲህ ያለ ቤት አልሆንለትም። የሸለምነው እንጂ የሰማነው አልነበርንም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዕድሜ የምትበልጠን አንዲት እኅታችን ግን ዝም አላለችም። ወደ እናቱ ቤት ሄደች። ቡና እየተፈላ ሳለ «ወንድምዓለም፣ ያን ወረቀትህን አምጣውና አብረን እንየው» አለችው። እርሱም «እትዬ፣ የሚታይ ነገር የለውም» ብሎ አቀርቅሮ አወጣው። እርስዋ እርሳስ አንሥታ እንዲህ ስትል አሰላችለት፦

ትምህርቱ አራት ዓመት፣ ማለት ስምንት ሴሚስተር ነው፤ የየሴሚስተሩም ክሬዲት እኩል ነው እንበል። አማካዩ 3.25 እንዲሆን 3.25 በ8 ሲባዛ 26 ይሆናል። ከዚህ ላይ 2.40 ሲቀነስ 23.60 ይቀራል። ለሰባቱ ሴሚስተር ሲካፈል በየሴሚስተሩ 3.37 ያህል ነው። ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። እንዲሁ እያለ አራት ሴሚስተር ሙሉ 2.40 ካመጣ ግን በቀሩት አራቱ 4.10 ያስፈልገዋል። ከ4 በላይ ደግሞ ነጥብ የለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ስሌት እንደ ስብከት ነው። ንስሓም እንዲሁ ናትና። ዛሬ የተመለሰ የሚመለስበት መንገድ ቀላል ነው። «በሚቀጥለው እጀምራለሁ» የሚል ሰው መንገዱን በየቀኑ ያከብደዋል። ደግሞም ስሕተቱን የሚያሳየው ሰው ያጣ፣ የወደቀው ጥቂት ሆኖ ሳለ ጨርሶ የወደቀ ይመስለዋል።

ወንድማችን ሲናገር ያጠፋው ስንፍና ብቻ አልነበረም። በክፍል ያልገባውን ለመጠየቅ ያፍር ነበር። «የቤተ ክርስቲያን ልጅና ጎበዝ» ተብሎ የመጣ ሰው አላዋቂ መስሎ መታየት ከበደው። ለብቻው ተቀምጦ እስከ ሌሊት ያነብብ ነበር፤ ያልገባው ነገር ግን ሳይገባው ይነጋ ነበር። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤቶች እንዲህ አይደለም። በጎንደር በዓታ አቋቋም የሚማር ተማሪ ለብቻው ሊቅ አይሆንም። ከፍ ያለው ለጀማሪው ያስጠናል፤ ጀማሪው ይሳሳታል፤ ይታረማል፤ እንደገና ይላል። በመሳሳቱ የሚያፍር ከዚያ ቤት ምንም ይዞ አይወጣም።

ሌላም ነገር አለ። ማዕረግ የሚፈለገው ለምንድን ነው? በጎረቤታችን በደንቢያ በ1953 እ.ኤ.አ. የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። የኮሌጁ ተማሪዎች በቡድን ሆነው፣ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ሠራተኛው አብረው፣ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች እየሠሩ ይማሩ ነበር። እንግዲህ ያ ትምህርት ቤት የቆመው በሞቱት ገበሬዎች ምክንያት ነው። በእርሱ ተምሮ ከፍ ያለ ሰው ከፍታው የማን ዕዳ እንዳለበት ሊያውቅ ይገባዋል። የተቀበለውን መክሊት የቀበረውን አገልጋይ ጌታው እንደ ወቀሰው እናውቃለን። መክሊቱን ለመታያ ብቻ በአንገቱ ያሰረውስ ከእርሱ በምን ይሻላል?

ስለዚህ በጉባኤ ተመካክረን እንዲህ ወስነናል። ከእንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ለእያንዳንዱ አባላችን ሁለት ሰዎች ይመደቡለታል። ሥራቸውም ማመስገን ሳይሆን መጠየቅ ነው። ፈተናውን ያላለፉትን፣ ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ያሉትንም እንዲሁ እንጠይቃለን፤ እነርሱም የእኛው ናቸውና።

ወንድማችን ዛሬ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነው። አማካዩ 3.25 ገና አልደረሰም፤ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል። ነገር ግን ለዕረፍት በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ያስተምራል። መጀመሪያ የሚያሳያቸው ያን የ2.40 ወረቀቱን ነው። ልጆቹም አይተው ያልገባቸውን ሳያፍሩ ይጠይቁታል።

እኛም ወንድማችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል። በዚህ ጽሑፍ ደግሞ በእናንተ ፊት እንጠይቀዋለን። ከእናንተም መካከል ወረቀቱን ደብቆ ከዛፍ ሥር የቆመ ካለ፣ ይግባ። ቤቱ ክፍት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።