ስለ አእምሮ ሕመምተኛ፤ ጸሎትና መድኃኒት ይጣላሉን?

ሰው እግሩ ቢቈስል ዘመዱ ይሸከመዋል፤ ዓይኑ ቢታመም እጁን ይዞ ይመራዋል፤ አእምሮው ሲታመም ግን ይሸሸጋል፥ ወይም ይታሰራል። ሦስቱም ሕመም በአንድ ሰው ላይ የሚደርስ ሲሆን፥ ለሁለቱ ምሕረት፥ ለሦስተኛው ኀፍረት የሚሰጥበት ምክንያት ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ ለሐኪም ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ለካህንም ለመምህርም ለቤተ ሰብም የቀረበ ነው።

የጥያቄው ክብደት በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቈላ ጐልቶ ይታያል። ያ አገር በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት፥ ከተማውም በስማቸው መተማ ዮሐንስ የተባለበት ነው። ዛሬ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል፤ ከእነርሱም መካከል ዕድሜው ገና ሃያ ያልሞላ አለ። ቀን በሐሩር ይሠራል፥ ሌሊት በሜዳ ያድራል፥ ወባና ካላዛር ያሰጉታል፥ ከእናቱና ከንስሓ አባቱ ርቆ ይከርማል። እንጀራ ፍለጋ ወደ ሱዳን የሚሻገርም አለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ቤታቸውን ትተው የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚያው በር ገብተዋል። እንዲህ ያለ መከራ ሥጋን ብቻ ነክቶ አያልፍም፤ እንቅልፍን ይነሣል፥ ተስፋን ያጠፋል፥ አንዳንዱንም ሕይወቱን እስከ መጥላት ያደርሰዋል።

ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ሌሊት ተነሥቶ ቢጮኽ፥ የሌለ ድምፅ ሰማሁ ቢል፥ ባልንጀሮቹ «ለክፎት ነው» ይላሉ። ነገር ግን ወባ በአንጎል ላይ በጠና ጊዜ ሰውን እንደሚያስቀባጥርና ራሱን እንደሚያስተው የታወቀ ነው። ይህ ሰው ደሙ ሳይመረመር በገመድ ታስሮ ሁለት ሌሊት ቢያድር ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የጋኔን ነው ይባላልን? ወይስ የባልንጀሮቹ ችኰላ ነው?

«እንግዲያስ ርኩስ መንፈስ የለምን?» የሚል ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ታስተምራለች፤ ሕመም ሁሉ ከርኩስ መንፈስ ነው ብላ ግን አታስተምርም። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውሃ አቀረበለት፥ እንዲያንቀላፋም ተወው። በመቃብር ይኖር የነበረውንም ሰው አገሩ በሰንሰለት ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም፤ ጌታችን ግን ልቡናውን መለሰለት፥ ወደ ቤተ ሰቦቹም ሰደደው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርንና ወደ እግዚአብሔር መጸለይን በአንድነት ያዝዛል።

አንዱን ሕመም ከሌላው መለየት ለካህንም ለሐኪምም ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሁለቱ ስሕተት ጕዳት እኩል አይደለም። ሕመሙ ከመንፈስ ሆኖ መድኃኒት ቢሰጠው ጸሎቱ አይሰናከልም፤ ሕመሙ ከሥጋ ሆኖ መድኃኒቱን ቢከለከል ግን ሰውዬው ይጠፋል። ስለዚህ «ጠበል የሚጠመቅ መድኃኒቱን ይተው» የሚል ምክር ከሃይማኖት ጽናት የመጣ ቢመስልም፥ በሌላ ሰው ነፍስ መወራረድ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ጠበልን የሚንቅ የተማረ ሰው አለ። ይህም ሰው ይሳሳታል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዘመን በየገጠሩ ሕመምተኛውን የተቀበለው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። ዛሬ በጎንደር ሐኪሞች ቢኖሩም፥ በመተማ በረሓ ለወደቀ ሠራተኛ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚያገኘውም ካህኑን ነው። ካህኑ የሚናገረው አንድ ቃል ሐኪሙ ከሚናገረው አሥር ቃል ይልቅ ይሰማል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤድስ ሕመምተኞች መድኃኒቱንና ጠበሉን በአንድነት እንዲወስዱ ባስተማሩ ጊዜ ይህ ታይቷል። ለአንዱ ሕመም የተፈቀደው ለሌላው የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን የሚደብቀው የሚሣለቅበትን ፈርቶ ነው። እንግዲህ ግዴታው በሦስት ይከፈላል። የእርሻው ጌታ የሠራተኛውን ጕልበት እንደ ተቀበለ ሕመሙንም ይቀበል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው። ካህኑ ይጸልይለት፥ ያጥምቀው፥ ሰንሰለቱን ግን ያስፈታው፥ መድኃኒቱንም እንዳይተው ይምከረው። ሐኪሙም የሕመምተኛውን ሃይማኖት ሳይንቅ ያክመው። በደጋ ያለች እናት ልጅዋን የላከችው በሙሉ ልቡናው ነው፤ ታሞ ቢመለስም ልጅዋ መሆኑ አልቀረም።