ያለማወቅ መብት አለኝ?

አባቴን ስትሮክ ከመታው በኋላ ሰባት ወር ኖሯል። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "ምን አሟቸው ነበር?" ሲል፣ እናቴ "ምንም አላመመው፤ ድንገት ነው" ትል ነበር። እስካሁንም ቤታችን ውስጥ የሚባለው "ድንገት" ነው።

እኔ ግን ድንገት እንዳልነበረ የማስታውሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት አለ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የግፊት መለኪያዋን ይዛ በራችንን አንኳኳች። "አባባ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ" አለችው። አባቴ ፈገግ ብሎ "እኔ ደህና ነኝ ልጄ፤ ለታመመ ሰው አድርጊው" አላት። በጣም ጨዋ መልስ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ላፕቶፔን ታቅፌ ኮድ እየጻፍኩ ነበር። ቀና ብዬ "አባዬ፣ ተለካ እንጂ" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እሷም ወደ ጎረቤት አለፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ ያለማወቅ መብት አለው?

መጀመሪያ የአባቴን ጎን ልያዝ። እኛ ሰፈር ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲወድቁ ነው። በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ የወጣ ዘመድ የሌለው ማን አለ? "ምርመራ ከጀመርክ አይለቅህም" የሚሉት ጎረቤቶቻችን ፈሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ሳይንሱም ቢሆን ከእነሱ ጋር የሚስማማበት ቦታ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታደሰ የኮክሬን ግምገማ ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አይቶ፣ ጤነኛ ሰዎችን በጅምላ "አጠቃላይ ምርመራ" ማድረግ የሞትን ቁጥር እንደማይቀንስ ነው የደመደመው። ስለዚህ "ሙሉ ቼክአፕ በአንድ ቀን!" የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ። በሥራዬም አውቀዋለሁ፦ በትንሹም በትልቁም የሚጮህ የሰርቨር ማንቂያ በመጨረሻ ድምፁ ይዘጋል። እውነተኛው ችግር ሲመጣ ታዲያ ማንም አይሰማም።

ነገር ግን ይህ የሚነግረን ሁሉንም አትፈልጉ ነው እንጂ ምንም አትፈልጉ አይደለም። ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም ጤና ድርጅት በጻፉት ሥራ ቀላል መመዘኛዎች አስቀምጠው ነበር። በሽታው ከባድ ነው? ምልክት ከማሳየቱ በፊት ሊገኝ ይችላል? ሲገኝስ የሚረዳ ሕክምና አለ? መመርመሪያው ሰው የሚቀበለው ነው?

የደም ግፊት እነዚህን ሁሉ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ መለካቱ አያምም፤ መድኃኒት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉት ውስጥ 1.28 ቢሊዮን ሰው ግፊት ያለበት ሲሆን፣ 46 በመቶው ግን እንዳለበት አያውቅም። ለሴቶች ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አለ። ድርጅቱ ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ደግሞ ከ25 ጀምሮ ይመክረዋል፤ ምክንያቱም ካንሰር ከመሆኑ በፊት ተገኝቶ ሊታከም ይችላል። ክትባቱም በ2011 ዓ.ም. እዚህ አገር 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

እሺ፣ ጠቃሚ ነው እንበል። ግዴታ ነው ወይ?

እዚህ ላይ የራሳችንን ልማድ ላስታውስ። እኛ ያደግንበት ዘመን አንድ ምርመራ አስለምዶናል፤ ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ። እጮኛውን "የማወቅ ፍላጎት የለኝም" የሚል ሰው ቢኖር ምን እንደምንለው እናውቃለን። ለምን? በሽታው ወደ ሌላ ሰው ስለሚተላለፍ። ግፊት አይተላለፍም፤ ስለዚህ የግል ጉዳይ ነው እንላለን።

በእነዚያ ሰባት ወራት ግን የአባቴ ስትሮክ ቤቱን ሁሉ ነው የያዘው። እህቴ እሱን ለማስታመም ሥራዋን ለቀቀች። ሊፍት ስለሌለን ለቀጠሮ በሄደ ቁጥር ከጎረቤት ልጆች ጋር በወንበር አራት ፎቅ እናወርደዋለን፣ እናወጣዋለን። እናቴ ሌሊት ሌሊት እያገላበጠችው ወገቧ ሄደ። "ሰውነቴ የራሴ ነው" የሚባለው እስክንቆም ድረስ ብቻ መሆኑን ያኔ ገባኝ። ስንወድቅ የሚሸከሙን ሰዎች ይሆናል። ያለማወቅ መብት ካለ፣ ሌሎች ሳይጠየቁ ዋስ ሆነው የፈረሙበት ብድር ነው።

ይህን ስል አንድ ነገር ያስፈራኛል፤ የታመመውን ሁሉ ጥፋተኛ ማድረግ። ለቡና ሃና ማርያም አካባቢ ሕንፃ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ ወረፋ ይዞ የዋለበት ቀን ደመወዝ የለውም። እሱን "ለምን አልተመረመርክም?" ማለት ግፍ ነው። አቅም በሌለበት ግዴታው ወደ ሌላው ይዞራል፤ መለኪያውን ይዞ በሩ ድረስ ወደሚሄደው። በ2003 እ.ኤ.አ. በገጠር፣ በ2009 ደግሞ በከተማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሐሳቡ ይኸው ነው።

የእኛ በር ግን ተንኳኩቶ ነበር። አባቴን አልወቅሰውም፤ በሱ ዕድሜ ያለ ሰው ለራሱ መጨነቅን ነውር አድርጎ ነው ያደገው። የምወቅሰው ሶፋው ላይ የነበረውን ነው። ያ ሰው ዲግሪ አለው፣ ኢንተርኔት አለው፣ የማያውቀውን ሰርቨር በየደቂቃው ይከታተላል፣ የአባቱን ዝምታ ግን "ደህንነት" ብሎ አለፈው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። አብሮ የደበቀውስ?

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ተለካሁ። 28 ዓመቴ ነው። 148 በ92። "አንዴ ተለክቶ ግፊት አለብህ አይባልም፤ በሌላ ቀን ደግመህ ና" አለችኝ ሲስተር። ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ እንቅልፍህን ተኛ። ከሥራ ስመለስ ጀርመን አደባባይ ታክሲ ወርጄ ወደ ቤት በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ማወቄ ቀለል አላደረገኝም። የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛሁም። አባቴ ምን እንደሸሸ ትንሽ ገባኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። ዝም አለች፤ ቆይታ "ታዲያ ምን አስኬደህ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንድትለካ ለምኛት ታውቃለች፣ እምቢ ብላኛለች፤ አስገድጄ መውሰድ እንደማልችል አውቃለሁ፤ አለመጠየቅም ግን አልችልም።

ሐሙስ ደግሜ እለካለሁ። እማዬም አብራኝ ልትሄድ ነው። ለመለካት አይደለም አሉ፤ እኔን ለመሸኘት ነው።