የጦር ሜዳ ዕቃ ለጌጥ ይሆናልን?

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በቤቱ ያኖረው ዕቃ ስለ ልቡ ይመሰክራል። የወደደውን ያከማቻል፤ ያከማቸውንም ዕለት ዕለት ሲያይ እርሱን ወደ መምሰል ይሄዳል። ስለዚህ ምን መሰብሰብ ይገባል ብሎ መጠየቅ ከንቱ ጥያቄ አይደለም።

በእንጦጦ ራጉኤል አጠገብ አንድ የተማረ ወጣት አገኘሁ። ይህ ወጣት አሮጌ የጦር ዕቃ መሰብሰብ ይወዳል፤ ከያዘውም ሣጥን በዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን አይሮፕላን ነጂዎች ያደርጉት የነበረውን መነጽር አውጥቶ አሳየኝ። «ጋሼ፥ ይህ እኮ ብርቅ ነው፤ ሐሰተኛው ስለ በዛ እውነተኛውን ለማግኘት ብዙ ደክሜአለሁ» አለኝ። እኔም «ልጄ፥ ይህን ያደረገው ሰው በዚህ መስተዋት ውስጥ ምን አየ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱ ግን ስለ ጠፍሩና ስለ ማኅተሙ እንጂ ስለዚህ አስቦ አያውቅም ነበርና ዝም አለ።

በዚያን ጊዜ ሁለታችንም ከተማይቱን ቁልቁል ተመለከትን። ከእንጦጦ ላይ ሆነው ሲያዩ ጣራው ይታያል፤ ሰው ግን አይለይም፥ ልቅሶውም አይሰማም። በአየር ላይ ሆኖ የሚዋጋ ሰው ፈተናው ይህ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች በደሴ ከተማ ላይ ቦምብ፥ በሰሜንም ጦር ግንባር በሰውና በከብት ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያወርዱ፥ ነጂዎቹ ያዩት ጣራና ሜዳ ነው፤ የተቃጠለውን ገላ ያየችው ከታች የነበረችው እናት ናት።

ነገር ግን መነጽሩን ያደረገውም ሰው ነው። ከጥቅምት 1937 ዓ.ም. ጀምሮ ከነአይሮፕላናቸው በጠላት መርከብ ላይ ተወርውረው እንዲሞቱ ከተላኩት ጃፓናውያን መካከል፥ ከትምህርት ገበታ የተነሡ ልጆች ነበሩባቸው። እንግዲህ ይህች ትንሽ መስተዋት በሁለት ልቅሶ መካከል የቆመች ናት።

ወጣቱም «እንግዲያስ ልጣለውን?» አለኝ።

አትጣለው አልሁት። ዳዊት የጎልያድን መሣሪያ በድንኳኑ አኖረ፤ ሰይፉም በኋላ በካህኑ ዘንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። ጌዴዎን ግን ከምርኮ ወርቅ ያሠራው ኤፉድ ለቤቱ ወጥመድ ሆነበት። ልዩነቱ በዕቃው አይደለም፤ አንዱ ለምስክርነት ተጠበቀ፥ ሁለተኛው ግን ተመለከ።

የአገራችንም ነገር ይህንኑ ያስተምራል። በአዲስ አበባ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በጠላት ተማርካ ብዙ ዘመን በኢጣልያ ቤተ መዘክር ኖረች፤ ወደ አገሯም የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ለማራኪው የድል ምልክት፥ ለተማረከበት ሕዝብ ግን ቁስል ነበረች።

ስለዚህ የጦር ዕቃ የምትሰበስብ ወንድሜ ሆይ፤ ሦስት ነገር ጠብቅ። ከመቃብር ወይም ከዝርፊያ የመጣውን አትግዛ። አዲሱን አሮጌ አስመስለህ አትሽጥ። እንግዳም መጥቶ ዕቃህን ሲያደንቅ፥ ያደረገውንም ሰው፥ ከበታቹ የነበረውንም ሰው ሳትናገር አታሰናብተው። ይህን መናገር ደስታህን የሚያጠፋብህ ከሆነ ግን፥ ደስ ያሰኘህ የሌላው መከራ መሆኑን እወቅ፤ መነጽሩም ለዓይንህ መጋረጃ ሆኖብሃልና ከቤትህ አውጣው።