ጎሜ እና የጣሳ ወተት

ጎሜ በጋሞ ባህል የተከለከለን ነገር መጣስንም፣ ከመጣሱ የሚከተለውን መዘዝም የሚገልጽ ቃል ነው። ድንበር መግፋት ጎሜ ነው፤ ታላቅን ማዋረድም ጎሜ ነው። መዘዙ በአጥፊው ብቻ አያበቃም። ልጁ ሊታመም፣ ከብቱ ሊሞት፣ ለአገሩ ሁሉ ዝናብ ሊቀር ይችላል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በገረሴም ሆነ በሌሎቹ የጋሞ ደጋዎች በወጉ መሠረት መከራ ሲመጣ የተሰወረው ጥፋት ይፈለጋል፤ ሲገኝም በአባቶች ፊት ተነግሮ ዕርቅ ይወርድበታል።

ይህ እምነት የሚያነሣው ጥያቄ ከባድ ነው። ያልታየ እጅ የሠራው በደል ምንም ባላጠፋ ሕፃን ላይ ሲያርፍ ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው ዛሬ ጎልቶ የሚታየው በሕፃናት ምግብ ላይ ነው። እስከ ስድስት ወር ለሕፃን የሚመከረው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ እናቱን ያጣ ወይም እናቱ ማጥባት ያልቻለች ሕፃን ግን በጣሳ በሚሸጥ የዱቄት ወተት ያድጋል። ሌላ ምግብ ስለሌለው በዱቄቱ ውስጥ ያለ መርዝ በየቀኑ ይደጋገምበታል። አሳዳጊው ዱቄቱን ቢያሸተውም ቢቀምሰውም መርዙን አይለየውም።

በ2008 እ.ኤ.አ. በቻይና የደረሰው ጥፋት ሆን ተብሎ የተሠራ ነበር። ነጋዴዎች ለሕፃናት የዱቄት ወተት የሚውለውን ወተት በውሃ አቀጠኑ፤ ቅጥነቱ እንዳይታወቅም ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ጨመሩበት። የወተት ፕሮቲን የሚለካው በናይትሮጅን መጠን ነበርና በናይትሮጅን የበለጸገው ሜላሚን መለኪያውን አታለለ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ብዙዎቹ የኩላሊት ጠጠር ያዛቸው፤ ስድስቱ ሞቱ። መጽሐፈ ምሳሌ ሐሰተኛ ሚዛንን ያወግዛል፤ በቁርኣንም 83ኛው ምዕራፍ የተሰየመው በሚዛን አጉዳዮች ነው። ሜላሚን የጨመረ ሰውም የሠራው ያንኑ ነው፤ የእርሱ ሚዛን ግን በላቦራቶሪ ውስጥ ነበር።

የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ወተት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከገበሬዎችና ከነጋዴዎች የተወሰዱ 110 ናሙናዎች ተመርምረው አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በሁሉም ተገኘ። በአውሮፓ ኅብረት ከተፈቀደው መጠን ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚመገቡት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነበር። እዚህ መርዝ የጨመረ ሰው የለም፤ መርዙ ግን ወተቱ ውስጥ አለ። ሐሳብን ብቻ የሚመዝን ፍርድ ይህን በደል ብሎ ለመጥራት ይቸገራል። ጎሜ አይቸገርም፤ አጥፊው ሳያውቅ ቢጥሰውም የተጣሰው ተጥሷልና መስተካከል አለበት።

ሳያውቁ ያጠፉ ሁሉ ግን እኩል አይጠየቁም። ፋጉሎ የሚገዛ ገበሬ አፍላቶክሲንን በዓይኑ አያየውም፤ ማከማቻውን ደረቅ ማድረግ ግን ይችላል። የወተት ማቀነባበሪያ የሚረከበውን ማስመርመር ይችላል። መንግሥት ደግሞ መለኪያ፣ ባለሙያና የማገድ ሥልጣን አለው። ማወቅ የሚችል ሰው አለማወቁ ምክንያት አይሆንለትም፤ የማወቅ ዐቅም በጨመረ ቁጥር ተጠያቂነቱም ይከብዳል። በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ያለችው እናት የማወቅ ዐቅሟ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ሐዘኑ ግን የሚከብደው በእርሷ ላይ ነው።

የቁጥጥር ሕግ የሚቆመው ማወቅ የሚችል ይጠየቃል በሚለው መሠረት ላይ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃዎች ኮሚሽን፣ ኮዴክስም፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በአንድ ኪሎ ግራም የሕፃናት የዱቄት ወተት ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን ሜላሚን ከ1 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕግ በአንድ ነገር ከጎሜ ይቀድማል፤ ጎሜ ፍለጋውን የሚጀምረው ሕፃኑ ከታመመ በኋላ ሲሆን ምርመራ ግን ጣሳው ሳይከፈት ሊደርስ ይችላል። ጎሜም በሌላ ነገር ሕግን ያልፋል፤ በደል እስኪነገር ድረስ መከራው አይነሣም ይላል። መለኪያን ማታለል እንደሚቻል ሜላሚን አሳይቷልና፣ መርማሪው የማያየውን የሚያይ የወተት ሠራተኛ ያየውን ካልተናገረ አዋጁ ብቻውን ሕፃኑን አይጠብቀውም።