ከቆዳው በፊት መሳቢያውን

ልጆቼ፣ ከሚሴ ላይ ቤት ሠርታችሁ ወይም እዚሁ ጨፋ ሮቢት አንዲት ክፍል ለይታችሁ፣ «ላዩ ቆዳ የለበሰ አሮጌ የጽሕፈት ጠረጴዛ አማርጡኝ» የምትሉኝ በዝታችኋል። መምህሩም፣ ጠበቃውም፣ የባንክ ሠራተኛዋም ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩኛል፦ አረንጓዴ ቆዳ፣ ዙሪያውን የወርቅ መስመር፣ ግራና ቀኝ መሳቢያ። ማሻአላህ፣ ምኞቱ ያምራል። ነገር ግን ሁላችሁም አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ቆዳው ነው። የኔ ምክር ቆዳውን መጨረሻ ላይ እዩት ነው።

አገራችን የጽሕፈት አገር እንጂ የጠረጴዛ አገር አልነበረችም። ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው፣ ተራራ ላይ በድንጋይ በተካበው የሾንኬ መንደር፣ በጣሊያን ዘመን ያረፉትን የታላቁን ዓሊም የሐጅ ጀውሐር ቢን ሐይደርን ስም የማያነሣ የለም። እንደ ሾንኬ ባሉ የወሎ ሐሪማዎች፣ በእስልምና ትምህርት ማዕከላቱ፣ ደረሳው ቁርበት ላይ ተቀምጦ፣ የጽሕፈት ሰሌዳውን፣ ሉሑን፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የተማረው። በቤተ ክርስቲያኑም ወገን ቢሆን ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር የሚጽፈው። ቆዳው የሚነጠፈው ከመቀመጫ ሥር እንጂ ከክንድ ሥር አልነበረም። ይህን የማነሣው ጠረጴዛ አትግዙ ለማለት አይደለም። ዕውቀት ያለ ጠረጴዛ ሲጻፍ ስለኖረ ጠረጴዛ ለመግዛት የሚያጣድፍ ነገር የለም ለማለት ነው። ስድስት ወር ብትፈልጉ ምንም አይጎድልባችሁም።

አሮጌ መፈለጋችሁን ግን የምደግፍበት ምክንያት አለኝ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ መከልከሉም ልክ ነበር። ዛሬ አዲስ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁ የቤት ዕቃ አብዛኛው ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። ቺፑድ ውኃ አንድ ጊዜ ከነካው ያብጣል፤ ያበጠ ቺፑድ ደግሞ ተመልሶ አይጠግግም። አያቶቻችን የቆረጡት ዋንዛ ግን ዛሬም ቆሟል፤ ቢላግ ይላጋል፣ ቢሰበር ይጠገናል። አሮጌ ጠረጴዛ መግዛት ሌላ ዛፍ ሳትጥሉ ጥሩ እንጨት ማግኘት ነው።

የሚገኘው ከመሥሪያ ቤት ጨረታ፣ አገር ከሚለቁ የውጭ ዜጎች ቤት፣ ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ነው። ሂዱና እዩ። ስትሄዱ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አትርሱ።

ሻጩ ላዩን ሲወለውልላችሁ እናንተ መሳቢያውን መዝዛችሁ አውጡት፤ ገልብጡት። የፊቱ ሳንቃ ከጎኑ ሳንቃ ጋር የተገናኘበትን ማዕዘን ወደ ብርሃን አዙሩና እዩ። ጥርስ በጥርስ ተነክሶ የተጋጠመ ከሆነ ልባችሁ ይረፍ። ጥርሶቹ ትንሽ ከተዛነፉ፣ አናጺው ለመለኪያ በሹል ነገር የጫረው ቀጭን መስመርም ከታየ፣ የእጅ ሥራ ነው። በሚስማርና በኮላ ብቻ ከተያዘ ዋጋውን ዝቅ አድርጉ። የመሳቢያው ወለል ኮምፔንሳቶ ከሆነ ወይ በኋላ ታድሷል፣ ወይ ጠረጴዛው ሻጩ የሚያወራለትን ያህል አላረጀም። ብሎኖቹንም እዩ፤ አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን በዓለም የተሰራጨው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። «የምኒልክ ዘመን ነው» በተባለ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ብሎን ካገኛችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

መሳቢያው ወጥቶ እያለ ባዶውን ቦታ በስልካችሁ መብራት አብሩበት፤ ሽታውንም አሽትቱ። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ሁሉ አያስደነግጥም፤ ምናልባት ነቀዙ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። የሚያስደነግጠው ከቀዳዳው ሥር የተከመረ አዲስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ነው። እሱ ካለ ጠረጴዛውን ብቻ ሳይሆን ነቀዙንም ገዝታችሁ ወደ ቤታችሁ ማስገባታችሁ ነው። እግሮቹን ከሥር አንኳኩ፤ ወለል በውኃ ሲወለወል የኖረበት ቤት የጠረጴዛ እግር ከታች ይበሰብሳል፣ ድምፁም ባዶ ይሆናል። በኛ ቆላ ምስጥ ስላለ እንጨቱ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ጽድ ምስጥ ይፈራዋል፤ ዝግባ ግን ቶሎ ይሸነፋል። ወደ ቤት ከገባም በኋላ ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ምስጥ ሲመጣ መንገዱን ታዩታላችሁ።

ከዚያ ተቀመጡበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ጫማ ሳይለካ የሚገዛ የለም፣ ጠረጴዛ ግን ቆሞ አይቶ ይገዛል። ከወለል እስከ ላዩ ከ73 እስከ 76 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ጉልበት የሚገባበት ክፍተት ከ60 ሳንቲ ሜትር ካነሰ እግር ያሥራል። ቁመቱ ከበዛ ትከሻ ይሰቀላል፤ እኛ መምህራን ትከሻችንን የጨረስነው እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ ደብተር ስናርም ነው። ግራና ቀኝ መሳቢያ ያለው ትልቅ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ይከፈላል፤ ላዩ ለብቻ፣ ሁለቱ የመሳቢያ ሣጥኖች ለብቻ። መከፈሉን አረጋግጡ፤ የበራችሁንም ስፋት ለክታችሁ ሂዱ። በኢሱዙ ስታመጡት መሳቢያዎቹን አውጡ፣ ላዩን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ። ከጣርማ በር ብርድ ወደ ጨፋ ሙቀት ወርዶ የመጣ እንጨት ወዲያው ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፤ ጥላ ውስጥ ይሰንብት።

አሁን ወደ ቆዳው እንምጣ። ብዙ ጊዜ ቆዳው ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ዳር ዳሩ እንጨት ሆኖ መካከሉ ዝቅ ብሎ ተፍቆ፣ ቀጭን ቆዳ የተለጠፈበት ነው። የወርቁ መስመር በጋለ ብረት ተጭኖ የታተመ ነው። ብዕር በቀለም እየተነከረ በሚጻፍበት ዘመን ቆዳው ለእጅ ለስለስ ያለ መደገፊያ ይሰጥ ነበር። እውነተኛ ቆዳ የጸጉር ቀዳዳው እኩል አይሰለፍም፤ በአውራ ጣት ስትጫኑት ዙሪያው ይጨማደዳል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ንድፉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። እባካችሁ በክብሪት አትፈትኑ፤ የሰው ንብረት ነው።

ጣታችሁን አሳልፉበት። ጣታችሁ ላይ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ከቀረ ቆዳው አሲድ በልቶት ከውስጥ እየፈረሰ ነው፤ ምንም ቅባት አያድነውም፣ ተልጦ ይጣላል። ይህ ግን ጠረጴዛውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ለመከራከር ምክንያት ነው። የተቀደደ፣ የቀለም ጠብታ ያለበት፣ ፀሐይ ያነጣው ቆዳ ዋጋ ያወርዳል፤ ቆዳ ደግሞ የሚቀየር ነገር ነው። የሚቀይረውም ከኛ አይርቅም። እዚሁ ዞናችን ውስጥ ያለው የባቲ የፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ንግድ በስሙ ተለይቶ የሚታወቅ ነው፤ ኮምቦልቻም ቆዳ ፋብሪካ አለ። ለፍቶ የተዘጋጀ የፍየል ቆዳ አግኝታችሁ በባለሙያ ብታስለጥፉ ከፈረንጁ ቆዳ የሚያንስበት ነገር አይታየኝም። በአረፋ ማግስት የበግና የፍየል ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ሳይ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቤታችን ያለውን ጥለን ስለ ለንደን ቆዳ እንጠይቃለን።

ካለበሳችሁት በኋላ ቅቤም ዘይትም አትቀቡት፤ ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል። በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ከዚያ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት በስሱ ይበቃዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ጀበና አታሳርፉበት፤ ቡናው በረከቦቱ ላይ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። «ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግቢ የወጣ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ማስረጃውን ጠይቁ። ውሸት ከሆነ ለውሸት አትክፈሉ። እውነት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ስለሆነ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳይጠየቅ እጃችሁን አታስገቡ። በመሳቢያው ውስጥ የቆየ ደብዳቤ ወይም የአረብኛ ወይም የግእዝ ጽሑፍ ብታገኙ ከጠረጴዛው ሊበልጥ ስለሚችል አትጣሉት፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ለመግዛት ስትሄዱ የሰፈራችሁን አናጺ የቀን ዋጋውን ከፍላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አናጺ ካጣችሁ እኔን ጥሩኝ፤ ጉልበቴ ቢደክምም መሳቢያ ገልብጦ ማየት አያቅተኝም።