መጠበቅና መዘግየት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። እነዚሁ አባቶች ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። የመጀመሪያው ቸኳዩን ይወቅሳል፤ ሁለተኛው ዘግይቶ የተነሣውን ይዘልፋል። ሁለቱም የአንድ ሕዝብ ብሂሎች ናቸውና አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል አንችልም። እንግዲያስ ሰው መጠበቅ የሚገባው መቼ ነው? መነሣትስ የሚገባው መቼ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ያነሣሣን ነገር ለአንዳንዶች ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይህች ጋዜጣ የምትጻፍበት አሮጌ ኮምፒዩተር የሚሠራው ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ነው። ደቢያንን በ1985 ዓ.ም. የጀመረው ኢያን መርዶክ የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ ሲሆን፥ ዛሬም ሥራው የሚካሄደው በልዩ ልዩ አገር ባሉ በጎ ፈቃደኞች ነው፤ ለተጠቃሚውም በነጻ ይሰጣል። 13ኛው እትም በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋጅ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ገሚሶቻችን «ሥራው አልቆ የለም እንዴ? በሙከራ ላይ ያለውን አሁኑኑ እንጫነው» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ያለን ኮምፒዩተር አንድ ነው፤ የአባላት መዝገብና የመዝሙሮቻችን ጽሑፍ ሁሉ ያለው በእርሱ ላይ ነው፤ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» ስንል ተከራከርን። በመጨረሻ አንዲት እኅታችን «እንጠብቅ ካላችሁ እንጠብቅ፤ ግን ስንጠብቅ ምን እየሠራን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት አልነበረም።

ነገሩን ለመረዳት የደቢያንን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ፕሮግራም ሲዘጋጅ በመጀመሪያ የሚገባው ገና ካልጸናው ክፍል ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከባድ እንከን ካልተገኘበት ወደ ሙከራው ክፍል ያልፋል። የመውጫው ጊዜ ሲቃረብ በሩ በየደረጃው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እንከን ማረም እንጂ አዲስ ነገር መጨመር አይፈቀድም። እትሙን የሚያግዱት ከባድ እንከኖች ተራ በተራ ሲታረሙ ወይም እንከን ያለበት ፕሮግራም ሲወጣ፥ የቀረው የጸና እትም ይባላል። እትሞቹ የሚሰየሙት «ቶይ ስቶሪ» በተባለው ፊልም ባሉ አሻንጉሊቶች ስም ሲሆን፥ ያልጸናው ክፍል ግን ሁልጊዜ የሚጠራው አሻንጉሊት በሚሰባብረው ልጅ በሲድ ስም ነው። በዚህ አኳኋን 13ኛው እትም ከመጋቢት ጀምሮ በሩ ሲዘጋ ቆይቶ፥ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ የፕሮግራም ጥቅሎችን ይዞ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ።

ይሁን እንጂ መጠበቅ ሁሉ የተመሰገነ ነው ማለት አይደለም። ደቢያን በሐምሌ 1994 ዓ.ም. አንድ እትም ካወጣ በኋላ ቀጣዩ የወጣው ግንቦት 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር። ይህም ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ሥርዓቱ የሚጫንበት ፕሮግራም እንደ አዲስ መሠራቱ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጸናው እትም አረጀ፤ የማያውቃቸውም አዳዲስ መሣሪያዎች ገበያውን ሞሉት። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በደቢያን ላይ ተመሥርቶ ኡቡንቱ ወጣ፤ እርሱም በየስድስት ወሩ፥ በቀነ ቀጠሮ እንደሚወጣ ተናገረ። ነገር ግን ኡቡንቱም ቢሆን ለብዙ ዓመት እንክብካቤ ሊሰጠው ያሰበውን እትም ሲያዘጋጅ ቀጠሮውን በስድስት ሳምንት አራዝሞ ግንቦት 24 ቀን 1998 ዓ.ም. አወጣው። ደቢያንም ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ለማውጣት በቃ። የዘገየው መፍጠንን፥ የፈጠነውም መታገሥን ተማረ ማለት ነው።

እኛ የደቻቱ ልጆች ግን ስለ መዘግየት ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከተማችንን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍለው ወንዛችን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው በሐረርጌ ደጋ ነውና በድሬዳዋ ሰማይ አንዳች ምልክት ሳይታይ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት እንዲሁ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊትም ደቻቱ ጎርፍ አምጥቶ የማያውቅ አልነበረም። በሁለት ጎርፍ መካከል ያለው ደረቅ ዘመን የሥራ ጊዜ ነበር፤ እኛ ግን የሰላም ጊዜ መሰለን።

እንግዲህ ሁለቱን መጠበቆች ስናነጻጽር ልዩነታቸው በርዝመት አይደለም። መጀመሪያ የምንጠይቀው በመጠበቁ ውስጥ ሥራ አለ ወይ የሚለውን ነው። ኖኅ የጥፋት ውኃን የጠበቀው መርከብ እየሠራ ነው። ልባሞቹ ደናግል ሙሽራውን የጠበቁት ዘይት ይዘው ነው፤ ሰነፎቹም ጠብቀዋል፥ በመጠበቅስ ከልባሞቹ አላነሱም። ሁለተኛው ጥያቄ ጉድለቱ በግልጽ ይነገራል ወይ የሚል ነው። ደቢያን በ1989 ዓ.ም. ባወጣው የቃል ኪዳን ጽሑፍ ጉድለቱን እንደማይሸሽግ ቃል ገብቷል፤ የእንከኖቹም መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። ጉድለቱን ደብቆ «ታገሡ» የሚል ሰው ግን ትዕግሥትን አላስተማረም፤ ጊዜ ገዛ እንጂ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የመጠበቁን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ኮምፒዩተራችንን በአሮጌው እትም ለጥቂት ወራት ብናቆየው ዋጋውን የምንከፍለው እኛው ነን፤ ይህ ትዕግሥት ነው። ከወንዙ ዳር የተኛው ሰው የሌላውን መዘግየት በሕይወቱ ሲከፍል ግን ያ ትዕግሥት አይባልም። ችኮላንም በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ያልጸናውን የሚሞክር ሰው ዋጋውን ራሱ ይከፍላልና ደፋር ነው፤ ሌሎችንም ይጠቅማል። የአባላትን መዝገብ በያዘው በማኅበሩ ኮምፒዩተር ላይ የሚሞክር ግን በሌላው ዕዳ ይደፍራል። ስለዚህ ቸኳዩና ዘገምተኛው ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ፥ ሁለቱም ዋጋውን በሌላው ላይ ከጣሉ በደላቸው አንድ ነው።

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። በዚያ ክረምት እንጠብቅ ያልነው ወገኖች ፍርዳችን ትክክል ነበር እንላለን። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ በየሳምንቱ «ወጣ ወይ?» ከማለት በቀር የሠራነው አልነበረም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ የገባው፥ ዛሬም በዚህ ኮምፒዩተር አማርኛ የምንጽፈው፥ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ስለ ደከሙ ነው። እነርሱ የጠበቁት እየሠሩ ነበር፤ እኛ የጠበቅነው የእነርሱን ድካም ነው።

14ኛው እትም በዝግጅት ላይ ነው። በመካከላችን አንድ ባዶ ዲስክ አይጠፋም። በእርሱ ላይ የሙከራውን ክፍል ጭነን ፊደሎቻችን በትክክል መጻፋቸውንና መታተማቸውን ብንመረምር፥ ያገኘነውንም በክፍቱ መዝገብ ብናስመዘግብ፥ መዝገባችን ሳይነካ እኛም ከሠራተኞቹ እንቈጠራለን። ደቻቱም ዛሬ ደረቅ ነው። በደረቁ አሸዋ ላይ ስንሻገር ያቺን ጥያቄ ለራሳችን እንድገማት፦ ስንጠብቅ ምን እየሠራን ነው?