ከመተኮስ በፊት ያለው ትምህርት

በአማርኛ «አዳኝ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል ሁለት ንባብ አለው። «ዳ» ጠብቆ ሲነበብ አውሬን ተከታትሎ የሚገድለውን ሰው ያመለክታል፤ ላልቶ ሲነበብ ግን ከሞት የሚያወጣውን ያመለክታል። ጽሕፈቱ አንድ ሲሆን ትርጉሙ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንባቢ ሁለቱን የሚለያቸው ከዐረፍተ ነገሩ አገባብ ነው። ልጁን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጫካ የሚገባ ወላጅስ ሥራው ወደ የትኛው እንደሚያደላ በምን ይለያል? ነፍስ የማጥፋትን ሙያ ለልጅ ማስተማር ይገባልን? ወላጁ ራሱ ሙያውን የማያውቅ ጀማሪ በሆነ ጊዜስ?

ጥያቄውን በምሳሌ ለመያዝ አንዲት እናት ትታሰብ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሰዳ በሚኒሶታ ግዛት የምትኖር፣ የ13 ዓመት ወንድ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ናት። በሕይወቷ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። ጠመንጃ ይቅርና ዶሮ እንኳ አርዳ አታውቅም። ባደገችበት ልማድ ሴት አታርድምና፣ በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን አንጠልጥላ ደጃፍ ላይ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ፣ ጎረምሳም ቢሆን፣ «እባክህ ወንድሜ፣ ባርክልኝ» ብላ ትለምን ነበር። አንድ ቀን ልጇ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ «እማዬ፣ ጓደኞቼ በኅዳር ከአባቶቻቸው ጋር አጋዘን ሊያድኑ ይሄዳሉ፤ እኛስ?» ይላታል። አባት በሌለበት ቤት «እኛስ» የሚለው ቃል ይከብዳል።

ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ «አይሆንም» የሚለው ነው፤ ምክንያትም አያጣም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት ሰው በቀጥታ ለእንስሳ ግዴታ አለበት ብሎ ባይቀበልም፣ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰው ላይም ልቡ እየደነደነ እንደሚሄድ አስተምሯል። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ደግሞ መመዘኛው እንስሳው ማሰብና መናገር መቻሉ ሳይሆን ሕመም የሚሰማው መሆኑ ነው ሲል ተከራክሯል። የ13 ዓመት ልጅ ልብ ገና ለስላሳ ነው። ገበያው በሥጋ ተሞልቶ ሳለ ይህን ልብ ስለ ምን ማደንደን ያስፈልጋል?

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ራሱ ጥያቄ ይወልዳል። በገበያ ያለው ሥጋም ነፍስ ነበረው። እናቲቱ ዶሮዋን ሌላ ሰው ስላረደላት ዶሮዋ ከመሞት አልዳነችም፤ ቢላዋው ከእጇ ራቀ እንጂ። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ሥጋ የሚገዛ ሰው ያንኑ የደጃፍ ልመና በገንዘብ ይፈጽማል። ከዚህ የሚከተለው ግን ሥጋ የሚበላ ሁሉ መግደል አለበት ማለት አይደለም። የሚከተለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥጋ በላተኛው በአዳኙ ላይ ለመፍረድ ከፍ ያለ ወንበር የለውም። አዳኙም ቢሆን በላተኛው ንጹሕ ባለመሆኑ ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

ሁለተኛው መልስ «አያቶቻችንም ያድኑ ነበር» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በቀድሞው ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ቅቤ ተቀብቶ፣ እየፎከረ ወደ መንደሩ ይገባ ነበር። ግዳይ የወንድነት ማስረጃ፣ የሹመትና የክብር መወጣጫም ነበር። ነገር ግን ያ ክብር የተመሠረተው በአደጋው ላይ ነው። ገዳዩ ሊገደልም ይችል ነበር። አጋዘንን ከሩቅ በመነጽር አነጣጥሮ የሚጥል ሰው ያንን ፉከራ ቢዋስ የሌላ ሰው ካባ እንደ መልበስ ይሆንበታል። ዘመኑም ተለውጧል። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን አግዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዱር እንስሳት ሕጓም ለመዝናኛ የሚደረግ አደንን ወንጀል አድርጎታል። ታንዛኒያ በበኩሏ በፈቃድና በኮታ ትፈቅዳለች። አንዱ ድንበር ሲታለፍ ወንጀል የነበረው ሕጋዊ ይሆናል። ይህም ሕግ ጥያቄውን ሊዘጋው ቢችልም ሊመልሰው እንደማይችል ያሳያል።

በዚያችው በታንዛኒያ፣ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት ሐድዛዎች ሌላ መንገድ ያሳያሉ። ወንዱ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ትንሽ ቀስት ይሰጠዋል። ወፍና ትንንሽ እንስሳ እያሳደደ ያድጋል፤ ዱካ ማንበብንና ነፋስ መለየትን ማንም ወንበር ላይ አስቀምጦ ሳያስተምረው ይማራል። ትልቅ አውሬ የወደቀ እንደሆነ ሥጋው የገዳዩ ብቻ አይሆንም፤ ሰፈሩ ይካፈለዋል። በዚያ አደን መዝናኛ ሳይሆን መተዳደሪያ ነው፤ የሕይወት ሥርዐትም ነው። የደሴዋ ተወላጅና ልጇ ግን ይህ ሁሉ የላቸውም። የሚያስተምር አያትም፣ የሚካፈል ሰፈርም፣ ያለ ሥጋው የሚራብ ቤተሰብም የላቸውም።

በአሜሪካ ለአደን የሚሟገቱ ሰዎች ሦስተኛ ምክንያት ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ሕግ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ገንዘቡን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ያውላል። ይህ ጠቃሚ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ቀረጥ የከፈለ ሰው ለመንግሥት ያለበትን ተወጣ እንጂ ለቆሰለው እንስሳ ያለበትን አልተወጣም። ገንዘብ ደንን ሊጠብቅ ይችላል፤ የተሳሳተ ጥይትን ግን አይመልስም።

የነገሩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ማናቸውንም ሙያ የሚማረው እየተሳሳተ ነው። እንጀራ መጋገር የምትማር ልጅ የመጀመሪያዎቹን ታበላሻለች፤ ኳስ የሚማር ልጅም ጨዋታ ይሸነፋል። የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው ራሱ ነው። በአደን ግን የጀማሪውን ስሕተት የሚከፍለው ሌላ ፍጡር ነው። ሆዱ ላይ የተመታ አጋዘን ወዲያው አይሞትም፤ ለሰዓታት እየተሠቃየ በቁጥቋጦ ውስጥ ይንከራተታል። ስለዚህ በዚህ ሙያ አለመቻል ጉድለት ብቻ ሳይሆን በደልም ይሆናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል ለደብተራ ምክር ከሆነ፣ ለጀማሪ አዳኝ ግዴታ ነው።

በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለደ ሰው የጠመንጃ ጥንቃቄ ትምህርት ተከታትሎ የምስክር ወረቀት ካላገኘ የአደን ፈቃድ መግዛት አይችልም። ልጁ እንግዲህ መማር አለበት። እናቲቱ ግን ከዚያ ዘመን በፊት የተወለደች በመሆኗ ሕጉ ነጻ ያወጣታል። ጠመንጃ ይዛ የማታውቀው ሴት ፈቃድ ልትገዛ ትችላለች፤ ትምህርቱን የሚቀበለው ልጇ ነው። ሕግ ዕድሜን ይቆጥራል፤ እውቀትን የሚቆጥረው ኅሊና ነው። ስለዚህ እናቲቱ ከልጇ ጎን በአንድ ወንበር ተቀምጣ ትማራለች።

ይህ ለአንድ ወላጅ ቀላል ነገር አይደለም። በባህላችን የወላጅ ሥልጣን ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ «እኔ አውቃለሁ» የሚለው ነው። ልጁ ፈጥኖ ሲመልስ፣ እናቲቱ በቋንቋው ስትደናቀፍ፣ ያ ምሰሶ ይነቃነቃል። ነገር ግን በምትኩ የሚተከል ሌላ ምሰሶ አለ። ልጁ እናቱ የማታውቀውን ሳታፍር ስትጠይቅ ያያል። የማያውቁትን አለመድፈር ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ ጠመንጃ በእጁ ለሚይዝ ልጅ ደግሞ ከዚህ የሚያስፈልገው ነገር የለም።

የትምህርቱ ይዘትም ያስገርማታል። ስለ መተኮስ ትማራለች ብላ ስትጠብቅ፣ አብዛኛው ስለ አለመተኮስ ሆኖ ታገኘዋለች። ጠመንጃ ሁሉ ጥይት እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዙ ወደማይጎዳ አቅጣጫ ይዙር፤ ዒላማውና ከዒላማው ኋላ ያለው ነገር በርግጥ ይታወቅ፤ ለመተኮስ እስኪቆረጥ ድረስ ጣት ከምላጭ ይራቅ። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ካልቆመና ጥይቱ ልብና ሳንባውን እንደሚያገኝ ካልታመነ አይተኮስም። የእርሳስ ጥይት ስብርባሪ በተጣለው ሆድዕቃ ውስጥ ቀርቶ የሚበሉትን ንስሮች ስለሚመርዝ፣ ከመዳብ የተሠራ ጥይት መምረጡም ይነገራቸዋል። የአዳኙ ኃላፊነት እንስሳው ሲወድቅ እንደማያበቃ በዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ የኅዳር ማለዳ ነው እንበል። ብርድ ነው፤ ሁለቱም ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ለብሰዋል። አጋዘኑ በኮረብታው ጫፍ ላይ ብቅ ይላል፤ ጎኑንም ይሰጣል። ከኋላው ግን ሰማይ ብቻ ይታያል። ልጁ አነጣጥሮ ይቆይና ጠመንጃውን ዝቅ ያደርጋል። አጋዘኑ ይሄዳል። «ከኋላው ምን እንዳለ አላየሁም» ይላል በሹክሹክታ። እናቲቱ ያንኑ ምዕራፍ አብራው አጥንታለችና ምክንያቱን ታውቃለች። ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። የዚያን ቀን ልጁ የተማረው ምንድን ነው? ማንም ሳይከለክለው፣ ኃይል በእጁ ሳለ፣ ራሱን መከልከልን ነው። አደን ለአንድ ጎረምሳ የሚሰጠው በጎ ነገር ካለ ከዚህ የሚበልጥ አይኖርም።

በሌላ ቀን ደግሞ ይተኩሳል። አጋዘኑ ዘልሎ ይሠወራል። እንደ ተማሩት ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ፤ ከዚያም የደሙን ፈለግ ይዘው ያገኙታል። ልጁ ያለቅሳል። እናቲቱ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትለውም። ዶሮዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ትቆም የነበረችው ሴት ቢላዋ አውጥታ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ሆድዕቃውን ታወጣለች። ማታ ደሴ ስትደውል አያቲቱ ሁሉን ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ለመሆኑ ማን ባረከው?»

ያ ሥጋ ይበላ አይበላ የሚለውን እንደ ሥርዐታቸው የሚመልሱት የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ጥያቄው ግን ከዚያ ይሰፋል። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ እንስሳ ሲታረድ የፈጣሪ ስም ይጠራል፤ ምክንያቱም ነፍስ የሰው ንብረት አይደለችም፤ ሰው የሚወስዳት አስፈቅዶ ነው። አያቲቱ ይህን ጥያቄ ስለ አጋዘኑ ጠየቁ። እናቲቱ በየሳምንቱ ከገበያ ስለምትገዛው ሥጋ ግን ለብዙ ዓመታት ጠይቃ አታውቅም ነበር።

ከዚህ ሁሉ «ወላጅ ሁሉ ልጁን ለአደን ያውጣ» የሚል ፍርድ አይወጣም። የሚወጣው መለኪያ ነው። ወላጁ ከልጁ እኩል ለመማር ካልፈቀደ፣ ባዶ እጅ መመለስን እንደ ውርደት ከቆጠረ፣ የልጁን እንባ ወይም «ከእንግዲህ ይቅርብኝ» ማለቱን የማይታገሥ ከሆነ፣ ባይጀምረው ይሻላል፤ ልጁ ከእርሱ የሚማረው መግደልን ብቻ ይሆናልና። ይህን ሁሉ የሚችል ወላጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ቢያልፍም ትምህርቱ አልቀረም። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» የሚለውን ሌላው ልጅ ከተረት ይሰማዋል፤ ይህ ልጅ ግን ጣቱን ከምላጩ ባራቀባት በዚያች ቅጽበት ዐውቆታል።